ጡጦው የተሰቀለበት መስቀያ

በማለዳ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ቆማችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ሠላሳ ሞተር በአንድ ጊዜ ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሮቹ በዚያ ጩኸት ላይ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። አንዱ ሌላውን ይተርባል፣ ሳቁ ጣሪያ ይነካል። ጨዋታ የማይችል ሰው እዚያ መዋል ይከብደዋል። ይህም ታሪክ ስለ አንድ ጨዋታ ነው፤ ሰው ሊያጠፋ ትንሽ ስለቀረው ጨዋታ።

የጋራዡ የስምሪት ኃላፊ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ማን በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው በመሆናቸው ሁሉም «አለቃ» ይላቸዋል። ድሮ ራሳቸው ሹፌር ነበሩ። «ወገቤን አመመኝ» ብለው ከመሪ ወርደው ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ቢሮዋ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ የአውቶቡሶቹ መውጫና መድረሻ ሰዓት የሚጻፍበት ወፍራም መዝገብ፣ ወደ ሠራተኞቹ ማረፊያ የሚያሳይ አንድ መስኮትም አላት። ከመስኮቱ ባሻገር ጃኬት የሚሰቀልበት ረጅም ጣውላ ይታያል። እያንዳንዱ ሰው አንድ መስቀያ አለው፤ የመጨረሻው የአለቃ ነው።

ጡጦው የሚሰቀለው እዚያ ጣውላ ላይ ነበር።

አዎ፣ የሕፃን ጡጦ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሹፌር «ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፣ ሁለት ቀን እረፍት ስጡኝ» ብሎ ሲለምን፣ አለቃ «ቆይ፣ መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ» አሉና በሩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ቢጫ ክዳን ያለው ጡጦ ገዝተው መስቀያው ላይ አንጠለጠሉለት። ማረፊያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ደከመኝ ያለ፣ ከፋኝ ያለ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ያለ ሁሉ ጡጦው አንድ ሳምንት ይሰቀልለታል። እግሩ ለተሰበረ ግን አይሰቀልም፤ ስብራት በዓይን ይታያላ። እያደር የሚያማርር ሰው ጠፋ። ጡጦውም ሦስት ዓመት ሙሉ ከአለቃ መሳቢያ ሳይወጣ ከረመ። «የእኔ ልጆች ብረት ናቸው» ይሉ ነበር አለቃ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ደረታቸውን ነፍተው።

የሰባት ቁጥር መስመር ሹፌር «ደቂቃ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራው አንዲት ደቂቃ ስላልዘገየ ሰዓታቸውን በእሱ አውቶቡስ ነበር የሚያስተካክሉት። ዝምተኛ ነው። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሸሚዙ ልብስ ሰፊ ሚስቱ በልኩ የሰፋችለት። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከገበያው ፌርማታ ጥቂት አለፍ እንዳለ፣ አንዲት አሮጊት ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ድንገት ወደ መንገዱ ወጡ። ፍሬን ያዘ። አልደረሰላቸውም። ሴትዮዋ እዚያው አረፉ።

ትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ለካ፣ ምስክር ጠየቀና ሹፌሩ ጥፋት የለበትም አለ። አውቶቡሱ ታጠበ። በአራተኛው ቀን ደቂቃ ያንኑ አውቶቡስ ይዞ በዚያው መስመር ወጣ፤ በቀን ስድስት ጊዜ በዚያች ቦታ ያልፋል። «እንኳን ነጻ ወጣህ» ያለው ሰው ብዙ ነው። «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ቆሞ የጠበቀ ግን አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆቡን በእጁ ይዞ ቢሮ መጣ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ና ግባ። ሰሞኑን ስምህን ልታስቀይር ነው መሰለኝ። ትናንት ስምንት ደቂቃ ነው የዘገየኸው!»

«የመጣሁትም ለእሱ ነው። ለትንሽ ጊዜ ከሰባት ቁጥር ያንሱኝ። ሌላ መስመር ይስጡኝ፣ የትም ይሁን። ካልሆነም ጋራዥ ውስጥ ልሥራ።»

«ምን ነካህ? ፖሊስ ነጻ ነህ ብሎሃል እኮ።»

«ብሎኛል። ግን እዚያች ቦታ ስደርስ እጄ ይከዳኛል። እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይጥመኝም። ልጆቼ ሲስቁ እንኳ ያስደነግጠኛል።»

አለቃ እጅ ሲከዳ እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል። ሊያስታውሱት ስላልፈለጉ ሳቁ።

«ስማኝ ወንድሜ። ሹፌር ልቡ ጠንካራ ነው መሆን ያለበት። ቤት ብትቀመጥ ይብስብሃል፤ የሚያስረሳህ ሥራ ነው። ሁሉም ጨነቀኝ እያለ ቢቀመጥ ይህን ሕዝብ ማን ያመላልሰዋል?»

«እሺ አለቃ» አለ ደቂቃ። ቆቡን አድርጎ ወጣ።

የቢሮው በር ክፍት ስለነበር ወሬው ከእሱ ቀድሞ ማረፊያው ደረሰ። አንድ ቀልደኛ ሹፌር በመስኮቱ እጁን ሲዘረጋ፣ ከመሳቢያ አውጥተው ጡጦውን ያቀበሉት አለቃ ራሳቸው ናቸው። ደቂቃ ለምሳ ሲመለስ መስቀያው ላይ አገኘው። ሁሉም አፉን ይዞ ይጠብቃል። ትንሽ ፈገግ አለና ጃኬቱን ደርቦበት ወጣ። በዚያች ፈገግታ ሁሉም ተታለለ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የሰባት ቁጥር ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ከደቂቃ ጋር አምስት ዓመት የሠራች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት። ያን ቀን ግን ቃል እያጠራት ነበር።

«አለቃ፣ ጥሎን ሄደ።»

«ማን?»

«ደቂቃ ነዋ! ገበያው ጋ ልንደርስ ስንል ዳር ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በሩን ከፈተ። ወደ ተሳፋሪው ዞሮ 'ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም' አለና ወርዶ ሄደ። ስልሳ ሰው ይዤ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ።»

እውነቱን እንናገር፤ አለቃ በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ ሰውየው አልነበረም። መዝገቡን እያገላበጡ «አሁን ማን ይተካዋል?» ነው ያሉት።

ተተኪው አውቶቡሱን ከተረከበ በኋላ ትኬት ቆራጯ መጥታ የደቂቃን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቦርሳው አፍ ቢጫ ክዳን ብቅ ብሏል።

«ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ አለቃ።

«ከመስቀያው አውርዶ ይዞት ነው የሚዞረው። ጠዋት ጠዋት ከመሪው አጠገብ ያስቀምጠዋል። 'ለምን አትጥለውም?' ስለው 'የእኔ ነው' አለኝ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እጁ ሲንቀጠቀጥ ስንት ቀን አየሁ። ልነግርዎ እያልኩ ፈራሁ። የእኔም መስቀያ እዚያው ጣውላ ላይ ነው አለቃ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የደቂቃ ሚስት ነበረች።

«ትኬት ቆራጯ ደውላ ነገረችኝ። ቤት አልመጣም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ጠዋት ሲወጣ ልጆቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳማቸው፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በእናትዎ ይፈልጉልኝ፣ ራሱ ላይ አንድ ነገር እንዳያደርግ።»

አለቃ ተነሱ። ጃኬታቸውን እንኳ አልያዙም። ደቂቃ የት እንደሄደ ማንም አላወቀም፤ እሳቸው ግን ገምተዋል። እሳቸውም በጊዜያቸው እግራቸው እየጎተተ ወደ አንዲት ቦታ ይወስዳቸው ነበር።

ከገበያው ፌርማታ ማዶ፣ መደገፊያው የተገነጠለ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኙት። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን እያየ ነው። አለቃ ትንፋሻቸውን ሰብስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ሊያባርሩኝ ነው የመጡት?» አለ ሳይዞር።

«አይደለም።»

«ያባርሩኝ። ስልሳ ሰው ጭኜ እጄ እምቢ ቢለኝስ ኖሮ? አንድ መግደሌ አይበቃም?»

«አልገደልክም። እምቢ ከማለቱም በፊት አቆምክ። እኔ ያን ያህል ሰው አልነበርኩም።»

ደቂቃ ዞሮ አያቸው።

«እኔ መንዳት የተውኩት ለምን ይመስልሃል?»

«ወገብዎን ታመው ነው ይባላል።»

«ወገቤ ደህና ነው» አሉ አለቃ። «አንድ ብስክሌተኛ መታሁ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን ተቆረጠ። እኔንም ጥፋት የለብህም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሕዝብ ጭኜ ነዳሁ። ለማንም አልተናገርኩም። መጨረሻ ላይ ወገቤን ብዬ ወረድኩ። ሚስቴ ምስኪን እስከ ዛሬ ጀርባዬን በቅባት ታሸኛለች።»

ደቂቃ ቆቡን ከጉልበቱ አነሳ።

«ታዲያ እያወቁት ጡጦውን ለምን ሰቀሉብኝ?»

ከዚህ ጥያቄ ማምለጫ አልነበረም። አለቃ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሰው ሁሉ ወደ አንተ ካየ ወደ እኔ የሚያይ አይኖርም ብዬ ነው። በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ያኔ ደቂቃ አለቀሰ። ያን ሁሉ ሳምንት የያዘውን ነው ያለቀሰው፤ ትከሻው እየተናጠ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው እያየው። አለቃ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ቃል ከልምድ የተነሳ ምላሳቸው ላይ መጥቶባቸው ነበር። ዋጡት። በትከሻው ዙሪያ እጃቸውን ጣል አድርገው አብረውት ተቀመጡ፤ እሳቸው ያሰማሯቸው ሁለት አውቶቡሶች ቆመው ጠብቀዋቸው ሄዱ።

ቤቱ ወስደው ለሚስቱ አስረከቡት። በማግሥቱ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ አለቃ መጀመሪያ ሲያዩዋት «ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች?» ብለው ነበር። ሁሉንም በጥሞና ካዳመጠች በኋላ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ይህ ሕመም ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። ለመሆኑ እግሩ ቢሰበር ኖሮ በተሰበረ እግሩ ያስነዱት ነበር?»

አለቃም ለራሳቸው ቀጠሮ ይዘው ወጡ።

አለቃ አደጋ የደረሰበት ሹፌር እንዲያርፍ የሚጠይቅ ወረቀት ይዘው ሲገቡ ግን ሥራ አስኪያጁ በቀላሉ እሺ አላሉም። «የጨነቀውን ሁሉ እረፍት ከሰጠን አውቶቡሶቹን ማን ይነዳቸዋል?» አሉ፤ ራሳቸው አለቃ ለዓመታት ሲሉት የኖሩትን።

«ማክሰኞ ዕለት ሰባት ቁጥርን ማን ነዳው?» አሉ አለቃ። «ማንም። ተተኪ እስኪመጣ መንገድ ዳር ነው የቆመው። ሰውየው ራሱ ባያቆመው ደግሞ ዛሬ የምናወራው ስለ እረፍት አልነበረም።»

ሥራ አስኪያጁ ጢማቸውን አሻሹ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ አደጋ የደረሰበት ሹፌር ደመወዙ ሳይነካ ያርፋል፤ ባለሙያዋ ዝግጁ ነው ሳትል መሪ አይጨብጥም፣ ሲመለስም በዚያው መስመር ውጣ ብሎ የሚያስገድደው የለም። እሷም በሳምንት አንድ ቀን ጋራዡ ድረስ መምጣት ጀመረች።

ወረቀት ግን ብቻውን ሰውን አያናግርም። አለቃ ይህን ስለሚያውቁ አንድ ጠዋት ሞተሮቹ ሳይነሱ ሁሉንም ማረፊያው ውስጥ ሰበሰቡ። ጡጦውን ከኪሳቸው አወጡ። አንዳንዱ ለመሳቅ ተዘጋጀ። አለቃ እስከ ጣውላው ዳር ድረስ ሄዱና በራሳቸው መስቀያ ላይ ሰቀሉት።

«የእኔ ነው» አሉ። «ገና ሳልገዛውም በፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር። እናንተ ላይ ስሰቅለው ኖሬ ነው እንጂ።» ከዚያም ስለ ብስክሌተኛው፣ ስለ እጃቸው፣ ስለ ውሸቱ ወገብ ነገሯቸው። አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያ ጡጦውን ለመስቀል እጁን የዘረጋው ቀልደኛ ሹፌር ቢሮ ገባ። ቆሞ ኮቱን ሲነካካ ቆየና «አለቃ፣ በሩን ልዝጋው?» አለ። አለቃ መዝገቡን ዘግተው ወንበር ሳቡለት።

ወገኖቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ጡጦ አለ። አንዳንዱ ጋ ቀልድ ነው፣ ሌላው ጋ የአለቃ ፊት ማጥቆር፣ ሌላው ጋ «እኛም አልፈንበታል» የሚል ንግግር። የሚታይ ቁስል ያለበትን ሰው ደግፈን እናስቀምጣለን፤ ውስጡ የቆሰለውን ግን እንስቅበታለን፣ እሱም መናገር ይተዋል። ዝም ያለ ሠራተኛ ሁሉ ደህና ሆኖ አይደለም ዝም ያለው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንዴት ነህ በሉት፤ ብላችሁም መልሱን ጠብቁ።

ደቂቃ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ። ክሳቱ ትንሽ ቀንሷል፣ ጫማው እንደ ድሮው ያበራል። ሌላ መስመር እንደሚሰጠው ቢነገረውም «በሰባት ቁጥር ልሞክር፣ ካቃተኝ እናገራለሁ» አለ። ጃኬቱን ሊሰቅል ሲሄድ በጣውላው ዳር ቢጫውን ክዳን አየ። ጡጦውን ከአለቃ መስቀያ አወረደና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

«ይበቃዎታል አለቃ» አለ።

አለቃ ቆባቸውን አድርገው ወደ አውቶቡሱ ተከተሉት፤ ከመሪው ጀርባ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር ላይም ተቀመጡ። ገበያው ፌርማታ ሲደርሱ ደቂቃ ፍጥነቱን ቀነሰ። ዳር ያዘ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ትኬት ቆራጯ ተሳፋሪውን በወሬ ያዘችለት። ከዚያ መሪውን አጥብቆ ጨብጦ በዚያች ቦታ በኩል በዝግታ አለፈ።

መጨረሻው ፌርማታ አራት ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ። አለቃ ወደ ቢሮ እንደተመለሱ መዝገቡን ከፈቱና በሰባት ቁጥር ረድፍ ላይ፣ ጉልህ በሆነ እጅ ጽሑፍ፣ «በሰዓቱ ደርሷል» ብለው ጻፉ።