ቀጥ ብሎ የተኛው አንገት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አንገት ሲጠግኑ የኖሩት ፕሮፌሰር የሞቱት የገዛ አንገታቸው ተሰብሮ ነው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ፣ ወደ ክፍሉ ከሚያስወርደው ደረጃ ሥር ወድቀው አገኘቻቸው።

ለተጠራችው መርማሪ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም «ቆይማ» ነው። ሰው ሁሉ «አለቀ፣ ደቀቀ» ባለው ነገር ላይ «ቆይማ» ማለት አይሰለቻትም።

«አዳልጧቸው ነው» አለ የጥበቃ ኃላፊው።

«ቆይማ። ይሁን፣ አዳለጣቸው። ማን ገለበጣቸው ታዲያ?»

ወድቀው የነበረው በፊታቸው ነው፤ ግንባራቸው ተጋግጧል፣ የጋውናቸው ፊት አቧራ ብቻ ነው። የተኙት ግን በጀርባቸው ነው። ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ ግራና ቀኙ በተጠቀለለ ፎጣ ተደግፏል። ከራስጌያቸው፣ እጅ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የአንገት ኮላር ተሰቅሏል። ያን የነካው የለም።

የሞቱት ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ጠዋት ብቻ ከምትመጣው የጽዳት ሠራተኛ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሟቹ፣ ሁለቱ ሰልጣኝ ሐኪሞቻቸውና ትርፉን ቁልፍ ቤቷ የምታስቀምጠው ሚስታቸው ናቸው።

ሚስትየዋ ከማዘኗ ይልቅ መናደዷ ይበልጥ ነበር።

«ጣውንቴ ማን እንደሆነች ያውቃሉ? የአንገት አጥንት! በሠርጌ ማግሥት ጥሎኝ ወደሷ ሄደ። ዘንድሮ ደግሞ ያቺ ትንሿ ሰልጣኝ ተጨመረችበት። እራት ላይ ወሬው ሁሉ እሷ!»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ምስክሬ ቴሌቪዥኑ ነው።»

ትንሿ ሰልጣኝ፣ የሁለተኛ ዓመቷ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ትናንት ከማለዳ ጀምሮ ከፕሮፌሰሩ ጋር ቀዶ ሕክምና ላይ ነበርኩ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። እሳቸው ወደ ምድር ቤት ወረዱ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ያየሽ ሰው?»

«ማንም።»

ትልቁ ሰልጣኝ አምስተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ወር ቀርቶታል።

«እኔማ ትናንት ጠዋት እዚህ ተማሪዎች ሳስተምር ነበር። ኮላር እንዴት እንደሚደረግ!» አለ ቃሉን እየረገጠ። «እሷ አጥንት ትሰረስራለች፣ እኔ ኮላር አስተምራለሁ።»

«ቀናህ እንዴ?»

«በሷ? እኔ?» ከአንገት በላይ ሳቀ።

ቆይማ ከተማሪዎቹ ለአንዷ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ልጄ» አለቻት ትንሿን ሰልጣኝ፣ «አንድ ሰው እዚህ ወድቆ አንገቱ ተጎዳ እንበል። ብቻሽን ነሽ። ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ ጊዜ ሳታጠፋ ተንጠራርታ ኮላሩን አወረደችው። ማሰሪያው ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ።

«ውይ! ይሄ መቼ ተሰበረ?»

ትልቁ ሰልጣኝ ክው አለ።

«አሁን ስሙኝ» አለች ቆይማ። «ሕክምና የማታውቅ ሚስት ባሏን ወድቆ ብታገኘው ጭንቅላቱን ብድግ አድርጋ ታቅፈዋለች እንጂ ፎጣ አትጠቀልልም። ይህ የሐኪም እጅ ነው። ሐኪም ደግሞ ኮላር አጠገቡ እያለ ፎጣ ፍለጋ የሚሄደው ኮላሩ እንደማይሠራ ካወቀ ብቻ ነው። ተማሪዋ ነግራኛለች፤ ትናንት ጠዋት በትምህርት ላይ ተሰበረና አስተማሪው አፍሮ መልሶ ሰቀለው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሩም ይህቺ ልጅም ቀዶ ሕክምና ላይ ነበሩ። ቁልፍ ካላችሁት መሰበሩን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«‹ለምን እሷን ብቻ ያሠራሉ?› አልኳቸው። ‹ሌላ ቀን እንነጋገር› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ገፋኋቸው። ከዚያ እጄ ራሱ... ሳላስበው ደገፋቸው።»

«አንገት ከላይ በኩል ሲሰበር ትንፋሽ እንደሚቆም ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ለምን አልተነፈስክላቸውም? ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ቢድኑ የሷ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጃቸውን እጄ ላይ አላሳረፉም። የሷን ግን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚያሠሯት። እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?»

ትንሿ ሰልጣኝ የተገነጠለውን ማሰሪያ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው» አለች። «አንዲት ሚሊሜትር ብስት ሰው ይሞታል፣ ስለዚህ አይለቁኝም። ትናንት አልቅሼባቸው ስላንተ ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? ‹የወንድምሽን እጅ ይዤ አላውቅም፤ አስፈልጎኝ አያውቅም። ለምን ተማሪዎቹን ለሱ የሰጠኋቸው ይመስልሻል? ከወር በኋላ ቦታዬን ሳስረክበው አንቺንም እሱ ያስተምርሻል።›»

ሚስትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቆይማ ካቴናውን አውጥታ ጠጋ አለች። ሰውየው እያለቀሰ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት፤ ቅንጣት ታህል አልተንቀጠቀጡም።