ያልተቆፈረው ጉድጓድ

አቶ ቦልቴ የሞተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በገዛ እንሰቱ ሥር ነው። አንድ ሰው አቅፎ የማይደርስበት የስድስት ዓመት ግንድ ደረቱና ፊቱ ላይ ተጋድሞበት ነበር። ከጎኑ ገጀራው ወድቋል፤ ከራስጌው ሲሠራ የማይለየው ፍም የያዘ ገል ይጨሳል። ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቀበሌ ነዋሪ ሁሉ አንድ ቃል ተናገረ፤ የታመመ እንሰት ሲቆርጥ ተገንድሶ ወደቀበት፣ ቀኑ ደርሶ ነው።

ያልተስማማችው ሚስቱ ወይዘሮ ፈጠነች ብቻ ነበረች። ከሻንቶ ገበያ ስትመለስ አምስት ሰዓት ላይ ያገኘችው እሷ ናት። ጎረቤት ግንዱን ካነሳላት በኋላ ገጀራውን ማንም እንዳይነካው ቅርጫት ደፋችበት፤ ፖሊስ ሳያየው ባሌ አይቀበርም ብላም በሩ ላይ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ሶዶ ተወልዳ ያደገች የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት። ብዙ አትናገርም፤ ሰው ሲያወራት ደግሞ ፊቱን ትታ እጁን ታያለች። ይህ አመሏ ንጹሑንም ያስጨንቃል።

«የኔ ልጅ፣ ቦልቴ አርባ ዓመት እንሰት ቆርጧል» አለቻት ፈጠነች። «ወዴት እንደሚወድቅ ከእንሰቱ ይልቅ እሱ ያውቃል።»

«የሚጠላው ሰው ነበር፣ እማማ?»

«እሱን የሚጠላ የለም። መሬቱን የሚወድ ግን ሞልቷል።»

ከዚያ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻት። ከቤቱ ጀርባ ያለው፣ የከብት ፍግ ሲለብስ ኖሮ የጠቆረው አፈር ዳርኩዋ ይባላል፤ እንሰቱ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀዩ አፈር፣ ሾቃው፣ በቆሎና ስኳር ድንች ያበቅላል። ከአምስት ዓመት በፊት አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ገብቶ የቀበሌውን ጓሮ ሁሉ ሲያራቁት ሰዉ እየነቀለ ባሕር ዛፍ ተከለ። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የቦልቴ ዳርኩዋ ብቻ ነው። ልጅ አልወለዱም። የቦልቴን ሟች ወንድም ልጅ፣ ቲቶን፣ ከአምስት ዓመቱ ጀምረው አሳድገውታል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ሶዶ ገብቶ ዛሬ ለግንባታ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና ይሸጣል። ዛሬ እያለቀሰ፣ ብቻሽን አትኖሪም፣ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ፣ መሬቱን ባሕር ዛፍ አለብሰዋለሁ ብሏታል። ነገ ከቀብር መልስ ሽማግሌዎች ይህንኑ ሊወስኑ ይቀመጣሉ።

«ስሜ የመሬት ደብተሩ ላይ ከቦልቴ ጋር አለ» አለች። «ግን ብቻዋን የቀረች አሮጊት ሽማግሌን እምቢ ብላ የት ትደርሳለች? እንሰቱ ከተነቀለ እኔም አብሬ ተነቀልኩ ማለት ነው።»

ዓመለወርቅ ወደ ዳርኩዋው ገባች። ሰፋፊው ቅጠል ብርሃኑን አጣርቶ አረንጓዴ ስለሚያደርገው፣ ሰው እዚያ ሲቆም ከውሃ በታች ያለ ይመስለዋል። ጉቶው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የተቆረጠው ፊት ነጭ ነው፤ አጠውልግ የያዘው እንሰት የሚያወጣው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ የለበትም። ፈጠነችን ጠየቀቻት። ጤነኛ እንሰት መቼ እንደሚቆረጥ በዚህ ቤት የምትወስነው እሷ እንደሆነች፣ ይህ ደግሞ ገና አንድ ዓመት እንደሚቀረው ነገረቻት።

«የታመመውንስ አቶ ቦልቴ እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

«መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከዚያ ይቆርጣል። እዚያው ይቀብረዋል። ሳይቆፍር አንድም ቀን አልቆረጠም።»

በዙሪያው የተቆፈረ ነገር አልነበረም። አንዱ ዶማ ግን ከጎተራው ሥር ተጥሏል፤ እጀታው እርጥብ ነው፤ ሰው አጥቦታል።

ቅርጫቱን አነሳች። የእንሰት ጭማቂ ብረት ላይ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ ይጣበቃል። ይህ ገጀራ ንጹሕ ነው፤ ስለቱ ጥላሸት ነክቶት በመሃሉ ሰማያዊ ጥላ አጥልቶበታል። ዓመለወርቅ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እሳት ነው» አለች ፈጠነች። «አንድ እንሰት የቆረጠ ስለት በእሳት ሳያልፍ ሌላ እንሰት አይነካም፤ መሬትም አይቀመጥም። በሽታውን የሚያዞረው ስለት ነው ይል ነበር። በሽታው እዚህ ሳይገባም የያዘው ሕጉ ነው።»

ሬሳውን ያየው የጤና ባለሙያ በበኩሉ፣ ግንዱ የወደቀው ፊቱ ላይ ሆኖ ሳለ የተሰበረው የጭንቅላቱ ኋላ መሆኑን ነገራት። በፍግ የለሰለሰ አፈር ደግሞ አጥንት አይሰብርም።

የቀበሌው ሚሊሻ ግን የራሱ ፍርድ ነበረው፤ ሶርሳ ይታሰር። ሶርሳ የወሰን ጎረቤት ነው። በድንበሩ ላይ በተርታ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ በዚያ ሰበብ ከቦልቴ ጋር ሦስት ጊዜ ተካሰዋል።

«ዛፍህ ውሃዬን ጠጣው ይለኛል» አለ ሶርሳ። «ዛፍ ውሃ ካልጠጣ ምን ይጠጣ፣ ቦርዴ?»

ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው ሾቃው ላይ ብቻውን ስኳር ድንች ይቆፍር እንደነበር ተናገረ። የሟቹን የእሳት ሕግ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀችው።

«ገጀራውን እየጠበሰ ሲዞር፣ ቦልቴ፣ ሥጋውስ የታለ እለው ነበር።»

«የአንተስ እንሰት የታለ?»

ሶርሳ መሳቁን ተወ። አንድም አልቀረለትም።

የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ኢሳይያስ ሞተሩን አቁሞ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን እያስተካከለ መጣ። ጠዋቱን በገበሬዎች ማሠልጠኛው ብቻውን ሪፖርት ሲጽፍ ነበር። ነገሩ ያለው ሪፖርቱ ላይ ነው። የቦልቴ ዳርኩዋ የተረፈው እሱ ባስተማረው የበረኪና አጠቃቀም እንደሆነ ለዞን ጽፎ፣ ማክሰኞ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጡ ነበር። ቦልቴ ደግሞ፣ በረኪና ጓሮዬን ጠብታ ነክቶት አያውቅም ብዬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ብሎ ዝቶበታል። ኢሳይያስ ይህን አልካደም። ሲናገር ግን የቦርሳውን ማንገቻ እየጠቀለለ ይፈታ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የበረኪና ጠርሙስና እርጥብ ጨርቅ አለ።

የመጨረሻው ቲቶ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ የፈጠነችን ትከሻ ይዞ አይለቅም። ጠዋቱን ሶዶ፣ አጠና የሚሸጥበት ግቢ ነበር። ፈጠነች ደውላ ስትነግረው ባጃጅ ይዞ መጣ።

«አቶ ቦልቴን በእንሰቱ ሥራ ረድተኸው አታውቅም?» አለችው ዓመለወርቅ።

«እንሰት የሴትና የሽማግሌ ሥራ ነው። እኔ አንድም ቆርጬ አላውቅም። እዚህ ስኖር ትምህርት ቤት ነበር የምውለው።»

አልተከራከረችውም። ሲሄድ ግን ግንዱን እነማን እንዳነሱ ፈጠነችን ጠየቀቻት። አምስት ጎረቤቶች ሞክረው አቅቷቸው እንደነበር፣ ስድስተኛው ቲቶ ደርሶ እንዳነሱት ነገረቻት። ከደወለችለት ስንት ደቂቃ ሆኖ ነበር? አሥር ቢሆን ነው። ከሶዶ እዚህ ድረስ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዓመለወርቅ ይህን ሰምታ ለሚሊሻው፣ ሶርሳ እስከ ነገ ቤቱ ይደር፣ ማንም ከቀበሌው አይውጣ አለችው።

እሁድ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ስለ መሬቱ ሊቀመጡ ተዘጋጁ፤ ፈጠነች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፊታቸው ተቀምጣለች። ጓሮ ለለቀስተኛው ምግብ ትልቅ እሳት ይነዳል። ዓመለወርቅ ሦስቱን ሰዎች ጠርታ፣ ድንኳኑ አቧራ ነው፣ ለሰዉ መቀመጫ የሚነጠፍ የእንሰት ቅጠል በየተራ ቁረጡልኝ ብላ ከወጥ ቤት የመጣ አንድ ገጀራ ሰጠቻቸው። ሁሉም ደግነት መሰለው።

ሶርሳ አምስት ቅጠል ቆርጦ ገጀራውን አፈር ላይ ተከለው። ኢሳይያስ ሁለት ቅጠል እንደምንም ቆረጠ፤ ጨርቁን አውጥቶ ስለቱን በበረኪና ወልውሎ መለሰ። ቲቶ ተራው ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ስለ ደብተሩ ይጠይቀው ጀመር። ፊቱን ወደ ሽማግሌው አዙሮ እየመለሰ ቆረጠ፤ አፉ በደብተሩ፣ እጁ በቅጠሉ ተጠምዶ ነበር። ቅጠሉን ተሸክሞ በእሳቱ አጠገብ ሲያልፍ ቀኝ እጁ ብቻውን ተዘረጋ። የገጀራውን አንድ ገጽ ነበልባሉ ላይ አሳለፈ፤ ገለበጠ፤ ሌላውንም አሳለፈ። ከዚያ ለዓመለወርቅ አቀበላት።

ፈጠነች አየችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ተቀመጡ» አለች ዓመለወርቅ። «ከመሬቱ በፊት ስለ አሟሟቱ እንነጋገር።»

ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ቦልቴን እንሰት አልገደለውም። የተመታው ከኋላ ነው፤ የወደቀበት አፈር ለስላሳ ነው፤ አንድ ዶማ ደግሞ ታጥቦ ተጥሏል። እንሰቱ የተቆረጠው አደጋ ለማስመሰል ነው። ቆራጩ ቦልቴ እንዳይደለ ገጀራው ራሱ ይናገራል። ገጀራው ግንዱን ከቆረጠ በኋላ በእሳት አልፏል። ግንድ የወደቀበት ሰው ተነስቶ ስለት አያቃጥልም።»

አንዱ ሽማግሌ አንገቱን ነቀነቀ።

«ስለዚህ ገዳዩ የቦልቴ ሕግ እጁ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ሶርሳ በሕጉ ሲያፌዝ ኖሯል፤ ዛሬም ስለቱን አፈር ላይ ተክሏል። ኢሳይያስ እጁ የሚሄደው ወደ ጠርሙሱ ነው። ፈጠነች ሻንቶ ነበረች፤ ደግሞም እሷ ብትሆን ጉድጓዱን አትረሳም። ገዳዩ እሳቱን ያውቃል፤ ጉድጓዱን አያውቅም። ሕጉን ግማሹን የተማረ፣ ሳይጨርስ የሄደ ሰው ነው።» ወደ ፈጠነች ዞረች። «እማማ፣ ቲቶ በልጅነቱ እዚህ ሥራው ምን ነበር?»

ፈጠነች ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ፍሙን መያዝ» አለች። «ቦልቴ ቆርጦ ገጀራውን ያቀብለዋል፤ እሱ በእሳት አሳልፎ ይመልሳል። ሲረሳ እጁን ይመታው ነበር። ቁፋሮ አላስነካውም። ወገቡ ገና አልጠናም እያለ።»

«አንድም ቆርጬ አላውቅም ያልከው እውነት ነው» አለችው ዓመለወርቅ ቲቶን። «ትናንት እስክትቆርጥ ድረስ። ከሶዶም አልመጣህም፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ በአሥር ደቂቃ አይመጣም። ስልኩ ሲጠራ እዚሁ ቅርብ ነበርክ።»

ቲቶ እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ ያየ ይመስል ነበር።

«መሬቱን ለምኜው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለፈጠነች ይቀራል፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ ስለቱን በእሳት ለሚያሳልፍ ሰው ይሰጣል አለኝ። ለአንተ አይሆንም አለኝ። ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።» ቀና ብሎ አሳዳጊውን ፈለጋት። «እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት።»

«እሱስ ስንት ጊዜ ሊሞት ነበር?» አለችው ፈጠነች።

ሚሊሻው ይዞት ሲወጣ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ተነስቶ፣ ደብተሩ ላይ የፈጠነች ስም አለ፣ እኛ የምንጨምርበት የለም ብሎ በትሩን አነሳ። ኢሳይያስ ወደ ዓመለወርቅ ጠጋ ብሎ ማክሰኞ ለእንግዶቹ ምን ልበላቸው ሲላት፣ እማማን ጠይቃት አለችው።

ሰዉ ሲሳሳ ሶርሳ ቀረ። ባርኔጣውን እያሻሸ ከፈጠነች ፊት ቆመ።

«እቴ ፈጠነች፣ ወሰኑ ላይ ያሉትን ባሕር ዛፎች እቆርጣቸዋለሁ። ከክረምቱ በፊት።»

ፈጠነች ቀና ብላ አየችው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ጉቶውንም» አለችው።