በትከሻ ላይ ያለ ርእሰ መምህር

ከኪሱሙ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው የሐይቅ ዳር መንደራችን፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ከቀናው፣ ወላጆች ርእሰ መምህሩን በትከሻቸው ተሸክመው እየዘፈኑ በገበያው ያዞሩታል። ደስ የሚል ልማድ ነው። ዳሩ ግን ሰው ትከሻ ላይ መውጣት የለመደ፣ ከታች የቀረውን ልጅ ማየት ይሳነዋል።

መምህር ኦጎላ ርእሰ መምህር ሆኖ ሲሾም እንዲህ አልነበረም። ክፍል ገብቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጥና ያልገባው ልጅ ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። አንድ ዓመት ተሸከሙት። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው የትምህርት ቤቱን አማካይ ውጤት ብቻ ሆነ። ሠራተኛ አለቃው የሚጠይቀውን ይሠራልና፣ መምህራኑም ከፊት የተቀመጡትን ጎበዞች ብቻ ማስተማር ያዙ።

የዓሣ አጥማጁ የኦዴራ ልጅ አዶንጎ ከኋላ ነበረች፤ ንባብ ይከብዳታል። ፈተናው ሲቃረብ ኦጎላ እሷንና መሰሎቿን ከወንዝ ማዶ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲፈተኑ አስመዘገባቸው። ለወላጆች «ክፍል ጠቦን ነው» አለ።

መምህርት ኛቦኬ ፊት ለፊት ተናገረችው። የወላጆች ስብሰባ እየጠበቅሁ በረንዳው ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ በሽተኛውን በጓሮ አስወጥቶ ጤነኛውን የሚያሳይ ሐኪም ምን ይባላል?»

«ብልህ ይባላላ!» ብሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሕዝቡ የሚጠይቀኝ አንደኛ መውጣቴን ነው። አዶንጎን ማን ይጠይቀኛል?»

ውጤት ወጣ፤ ከወረዳው አንደኛ ሆንን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኦዴራ ነበር። ዘፈኑ ጋብ ሲል ቀና ብሎ፣

«መምህር፣ የኔዋስ እንዴት ሆነች?» አለ።

«የማዶዎቹን ጠይቅ እንጂ ወንድሜ! እሷ ከኛ አልተቆጠረችም።»

«እንዴት አልተቆጠረችም? ስንት ዓመት እዚህ ተምራ?»

«አንተ ደግሞ! ደካሞቹን ቆጥረን ቢሆን ዛሬ ትሸከመኝ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ኦዴራ አልሳቀም። ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ርእሰ መምህሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ የሌላውን ተሸካሚ ጸጉር ጨምድዶ ያዘ። ኦዴራ ዞር ብሎም ሳያየው ወደ ሐይቁ ወረደ። የቀሩት አስተካክለው ተሸከሙት፤ ዘፈኑም ቀጠለ።

አዶንጎ ወድቃለች። ዛሬ ዳርቻው ላይ፣ ኦሜና የምንላቸውን ትንንሽ ዓሦች ታሰጣለች። በቀደም ዓሣውን የምትሞላበት ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንዳነብላት ለመነችኝ።

ወላጆች ሆይ፣ መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ሊፈልግ ሄደ፤ እኛ ግን አንዷን የጣለውን እየዘፈንን ተሸከምን። ርእሰ መምህር የሚተጋው እኛ ለምንጠይቀው ነው። ዘንድሮ ትከሻችሁን ከመስጠታችሁ በፊት፣ እግሩ ገና መሬት ላይ ሳለ፣ «ከኋላ የተቀመጡትስ?» በሉት።