ከኮምፔንሳቶው ጀርባ

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሌሊት ቢሆን ኖሮ «ቃዥታ ነው» ትሉኝ ስለነበር ነው። ሥራዬ ጋዜጣ ነው። ያልተጣራ ወሬ ስሰርዝ ነው የኖርኩት። ይህን ግን ከራሴ ላይ ልሰርዘው ብል እምቢ አለኝ።

ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የአንዲት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቢሮ ነው። ስሜ ሰብለ ወንጌል ይባላል። ከይፋግ መጥቼ እዚያ ቤት ስቀጠር ሥራዬ የሙት ዓመት ማስታወቂያ መተየብ ነበር። ከዚያ ሪፖርተር… ከዚያ ምክትል አዘጋጅ። እኩዮቼ ወልደው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና ወጣትነቴ አለፈ።

ደክሞኝ ነበር። በጣም ደክሞኝ ነበር።

ዋና አዘጋጃችን ጋሽ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። የቅኔ ቤት ሰው ስለሆኑ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ቢሮውን ለሁለት ከሚከፍለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ልክ ከሆነ «ቀጥል» ይላል። ካልሆነ «ተመለስ»፤ አንባቢው ያንኑ መስመር ደግሞ ያነባል። መተያየት የለም።

«ፊት ያሳስታል፤ ጆሮ ይፍረድ» ይሉን ነበር።

በዚያ ወንበር ላይ ከእሳቸው ሌላ ሰው ተቀምጦ አላየሁም። የዓመት ፈቃድ ወስደው አያውቁም። «የኔታ ወንበሩን አግብተውታል» እያልን እንስቅ ነበር።

ከዚያ ታመሙና ጡረታ ወጡ። ሰባታሚት ቤታቸው ገቡ። የጋዜጣው ባለቤት እኔን ጠራኝና «ይህን እትም ያለ ስህተት አውጪልኝ፤ ዋና አዘጋጅ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ያን ቀን እንዲሰማልኝ ሪፖርተሩን አምሐን ከኮምፔንሳቶው ጀርባ አስቀመጥኩት። ጥሩ ልጅ ነው፤ ረኃብ ግን አይችልም።

«ሰብልዬ፣ ምሳ ቀምሼ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። እኔም ገጾቹ ላይ አቀርቅሬ ቆየሁ…

ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ወንበሩ ሲጥ አለ።

«መጣህ?»

«…እም።»

ማንበብ ጀመርኩ።

«ቀጥይ።»

በሹክሹክታ ነበር። አምሐ ሹክሹክታ አያውቅም፤ እሱ ሲያወራ ጎረቤት ይሰማል። ጉሮሮውን አሞት ይሆናል አልኩ።

«ቀጥይ…»

አምሐ ወደዚያ ለመግባት በፊቴ ማለፍ ነበረበት። ሌላ በር የለም። ይህ ትዝ ያለኝ ገጾቹን ላገባድድ ስል ነው። ድካም እንዲህ ያደርጋል። ትዝ ብሎኝም ማንበቤን አላቆምኩም።

የቀረው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ያለው የአዘጋጆች ስም ነበር።

«ዋና አዘጋጅ… ሰብለ ወንጌል።»

ወንበሩ እንደገና ሲጥ አለ።

«ተመለሽ።»

ስሜን ደግሜ አነበብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ። ይህችን አንዲት መስመር ለማንበብ ነው ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁት።

«ተመለሽ።»

አሁን ድምፁ ቀርቧል። አፉን ኮምፔንሳቶው ላይ ያስጠጋ ይመስል ነበር።

ደግሜ አነበብኩለት።

ስልኬ ጠራ። አምሐ ነው።

«ሰብልዬ፣ ይቅርታ! ዓሣው ዘገየብኝ፣ ገና አሁን ነው የቀረበልኝ!»

ዘግቼ የኔታ ጋ ደወልኩ።

«የኔታ… ወንበሩ ላይ ሰው አለ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«ባዶ አድርገሽው አነበብሽ?»

«አምሐ ወጥቶ ነበር… የተመለሰ መስሎኝ…»

«ስምሽንስ? ስምሽን አስመለሰሽ?»

«አዎ… ደጋግሞ።»

«አይ ልጄ…» ድምፃቸው ከእኔ የባሰ የደከመ ነበር። «ልነግርሽ ይገባ ነበር። ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልሁ። እኔንም እንዲሁ ነው ያስጀመረኝ።»

«ልውጣ?»

«መውጣቱ አይጠቅምሽም። ሂጂና ተቀመጪበት። ባዶ አትተዪው። እኔ አንድ ቀን ባዶ ትቼው አላውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዞሬ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። የወንበሩ ትራስ ግን ጎድጉዶ ነበር… ቀስ እያለ ይነሳል።

ተቀመጥኩ። ይሞቃል።

ጋዜጣው ወጣ። አንድም ስህተት አልተገኘበትም። ባለቤቱ እጄን ጨበጠኝ፤ እናቴ ይፋግ ሆና እልል አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አሁን ዋና አዘጋጅ ነኝ። ፈቃድ አልወስድም። እህቴ ስትዳር ሰርጓ ላይ አልተገኘሁም። ልጆቹ «ወንበሩን አግብታዋለች» እያሉ ሲስቁ እሰማለሁ። አልቆጣቸውም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ አምሐ ከወዲያ ማዶ የራሱን ዘገባ ያነብልኛል። ጨረሰና ከዘገባው ሥር ያለውን ስሙን አነበበ። ደግሞ አነበበው። እንደገና…

ከዚያ ሳቁ እየመጣ ጮኸ።

«ኧረ ሰብልዬ! «ተመለስ» ባልሽኝ ቁጥር መለስሁት እኮ! ስሜ ላይ ምን ስህተት አገኘሽበት?»

እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር።