ገመዱ አጠገብ የነበረው አረፋ

እኔ ሰው «መንፈስ አየሁ» ሲለኝ «ራት በልተህ ነበር?» ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ፣ ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ እያጸዳሁ ዓመታት የኖርኩ ጠላቂ ነኝ፣ የአየር ሲሊንደር አዝዬ ባሕር ስገባ ካየሁት ሁሉ የሚገርመው ዓሣ ነው፣ ያም ቢሆን አመሉ አንድ ነው፤ ስትተነፍሱ በአረፋው ድምፅ ደንብሮ ይሸሻል፣ ትንፋሻችሁን ስትይዙ ደግሞ «ይሄ ማነው?» ያለ ይመስል ይጠጋችኋል።

ባለፈው በጋ ሁምቦ በኩል አባያ ሐይቅ ላይ የአንድ እርሻ የውኃ ፓምፕ አፉ በአሮጌ መረብ ተተብትቦ ጠሩኝ። ስፍራው አዞ እንዳይገባ በሽቦ ታጥሯል፣ ከዓሣ በቀር የሚያልፍ የለም። ጀልባ ላይ ሆኖ ገመዴን የያዘው የሚስቴ ወንድም ማርቆስ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአባታቸው መሬት የሚስቴን ድርሻ ስለጠየቅሁ ያኔ ተኳርፈን ነበር። ሥራው ግን ቀላል ነው፤ አረፋዬን ያያል፣ አረፋው ቆሞ ከቆየ ይጎትተኛል።

የአባያ ውኃ ቀይ ጭቃ ነው፣ እጄን እንኳ ስለማላይ በዳሰሳ ነው የምሠራው። መረቡን ልቆርጥ ትንፋሼን ስይዝ አምባዛዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡና በጢማቸው ቀኝ እጄን ነካኩኝ። በግራዬ ግን አንድም የለም፣ ወደዚያ የሚሄደው ሁሉ ደንግጦ እየተመለሰ እኔ ላይ ይላተማል። ያኔ ነው የሰማሁት፣ እመኑኝ፣ እኔ ሳልተነፍስ የሚተነፍስ ነበር፣ ሽሽ... ከዚያ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ሲሊንደሬ አፈሰሰ ብዬ ቱቦውን ዳበስኩት፣ ደህና ነው። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ዘወር ስል መረቡ ቱቦውን ይዞ ከአፌ መነጨቀው፣ ግራ እጄም ተተበተበ።

አየር የለኝም፣ አረፋም የለኝም። አሁን ይጎትተኛል፣ አሁን ይጎትተኛል እያልኩ ጠበቅሁ፣ አልጎተተም። በቢላዬ እንዴት ቆርጬ እንደወጣሁ አላውቅም፣ ጀልባው ጎን ብቅ ብዬ ጭቃ አስመለስኩ።

«ልትገድለኝ ነበር?» አልኩት።

ማርቆስ የሚያየው እኔን አይደለም፣ ውኃውን ነው። «ጋሼ፣ አረፋው መች ቆመ? ይኸው እዚህ፣ ገመዱ አጠገብ፣ ደህና ይወጣል ነበር» አለ። በጣቱ እያሳየኝም «አሁንም ይወጣል» አለ።

ዞሬ አየሁ፣ አረፋ አለ። ግን እኔም ገና አሁን እዚያው ጋ መውጣቴ ነው፣ የእኔ ሊሆን ይችላል።

ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ብነግራት ወንድም አይኖራትም። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ማርቆስ ከፊቴ ቆሞ ሲዘምር ማጅራቱን እያየሁ፣ ዋሽቶኛል፣ ለመሬት ብሎ ዋሽቶኛል እላለሁ፣ እንዲህ ስል ቅልል ይለኛል፣ የሰው ክፋት ቢያንስ የማውቀው ነገር ነው።

ትናንት ከእርሻው ደወሉልኝ፣ ፓምፑ እንደገና ታፍኗል። ገመድ መያዝ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም፣ ደግሞም ፊቱን ልየው ብዬ ማርቆስ ቤት ሄድኩና «ትይዝልኛለህ?» አልኩት።

«እይዛለሁ» አለ፣ «ግን ጋሼ፣ የቱን አረፋ ነው የማየው?»