ከሸምበቆው ውስጥ የምትጮኸው

«እንኪ፣ ተጫኚውና ትውጣ!» አለ የክፍሏ ልጅ ስትራቶስ፣ ስልኩን ሚርሲኒ እጅ ላይ እያስቀመጠ። «የራሷ ዓይነት ድምፅ ነው። ሌላ ወፍ ቦታዬን ሊቀማኝ መጣ ብላ አሁኑኑ ፊታችሁ ትደነቀራለች።»

ሚርሲኒ አባቷን አየችው። ኢግናቲስ ረግረጉ ዳር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ በእሷ የሩቅ ማያ መነጽር ሸምበቆውን ይፈትሻል። ዛሬ ማታ ከሌስቦስ ደሴት ወደ ፒሬዎስ ወደብ ይሻገራል፤ ከዚያ እንደለመደው ለስምንት ወር የጭነት መርከብ ላይ ነው።

ይህችን ከጡጫ የማትበልጥ ድብቅ ወፍ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚሁ ሲሰማት ኖሯል፤ መልኳን ግን አንድም ቀን አላየም። ከባሕር ላይ በደወለ ቁጥር ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ታየችሽ?» ነው የሚለው። ሚርሲኒ ደግሞ አንድ ሐሳብ ገብቶባት አልወጣ ብሏታል፤ ዛሬ ወፏን ካያት ከጉዞው ይቀራል። ሞኝነት እንደሆነ አልጠፋትም። ቢሆንም የብርዱን ወራት በሙሉ በዚህ ተስፋ ነው የገፋቻቸው።

«እንቁላል ላይ ናት እኮ» አለች በሹክሹክታ።

«አታካብጂ ባክሽ! ስልክ ነው እንጂ መድፍ አይደለም የምትተኩሺው። ትንሽ ብትነሳ ምን ትሆናለች?»

ምን እንደምትሆን ሚርሲኒ አይታለች። ባለፈው ፀደይ ጎብኚዎች እዚሁ ቆመው ድምጿን በስልክ ሲያስጮኹ ዋሉ። ወፏ የሌለ ባላንጣ ፍለጋ ስትባዝን፣ ቁራዎች ጎጆዋን አገኙት። የተሰባበረውን ቅርፊት ጭቃው ላይ ያየች ቀን ሚርሲኒ ምሳ አልበላላትም።

ድንገት ከሸምበቆው ውስጥ አጭር፣ ጥድፊያ ያለበት ጩኸት ተሰማ።

«ሰማሽ?» አለ ኢግናቲስ፣ ፊቱ በርቶ። «እዚህችው ናት! ምናለ ለአንዴ እንኳ ብቅ ብትልልኝ!»

የሚርሲኒ ጣት ስልኩ ላይ ነበር። አባቷ ይኸው አጠገቧ ነው፤ አጠገቧ ሆኖም ይናፍቃታል። አንድ ጊዜ ብትነካው በቃ፣ ወፏን ያያታል።

ስልኩን አጥፍታ ለስትራቶስ መለሰችለት።

«ፋራ» አላት። ከዚያ አባቷን አየት አደረገና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ኢግናቲስ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። «በይ እንሂድ የኔ ልጅ፣ ሻንጣዬንም አልዘጋሁ። ስመለስ ትታየኝ ይሆናል።»

ሁልጊዜ እዚህ ላይ «እሺ አባዬ» ትላለች። ከዚያ ወደብ ድረስ ስለ ወፍ ብቻ እያወራች ትሸኘዋለች።

«አባዬ» አለች፣ ካለችበት ሳትነሳ። «እንድትሄድ አልፈልግም።»

መነጽሩን ሊመልስላት የዘረጋው እጁ ባለበት ቀረ። ተመልሶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሚርሲኒ የቀረውን መናገር ጀመረች።