የዘጠነኛው ክፍል በር

ሁለቱ ወንድማማቾች የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢባል የሚያምን አልነበረም። ታናሹ፣ ዳይሬክተሩ፣ ሸሚዙ ዘወትር ከሱሪው ያመለጠ፣ ከዘበኛው ጋር ተቃቅፎ የሚስቅ ሰው ነበር፤ ታላቁ፣ ሃያ ዓመት የሚበልጠው ፕሮዲዩሰሩ፣ በጠራራ ፀሐይ ክራባቱን የማይፈታ፣ ሳቁን እንኳ መጥኖ የሚያወጣ። አሁን ታናሹ የአስፈሪ ፊልማቸው ተከታይ በሚቀረጽበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ በዘጠነኛው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተዘርግቷል፤ ታላቁ ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ በላዩ ቆሞ ይቆጣል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት መርማሪዋን። «ገዳይዋ ያቻትና! እሰሪያት!»

የጠቆመው የሟቹን ሚስት ነበር። እሷ የፊልሙ ሜካፕ ሠሪ ናት፤ ጭጋግ የሚሠራበት ደረቅ በረዶም ያለው በእሷ ኃላፊነት ነው። ውኃ ሲነካው እየጤሰ ጠባብ ቤትን አየር የሚያሳጣው ያ በረዶ፣ ሣጥን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተገልብጧል።

«የአራት ዓመቷን የወንድሜን ልጅ እኔ እወስዳታለሁ» ሲል ጨመረ ዋርሳዋ። «የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብላ አታድግም።»

«ልጄን አትነካትም!» አለች ሚስትየው። መርማሪዋ፣ ለስድብ ጆሮ የሌላት አጭር ሴት፣ ወንበር አቀረበችላትና ወደ ፕሮዲዩሰሩ ዞረች።

«በሕይወት ሳለ መጨረሻ ያዩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ከምሳ በፊት። በሩ ላይ ሆኜ አነጋገርኩት። ብቻዬን ልሁን ብሎ ከውስጥ ቀረቀረ። የብረቱን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቋ! አለ። እንዳትረብሹት ብዬ ለሁሉም ነገርኩ።»

«ወደ ቀረጻው ቦታ ከዛሬ በፊት መጥተው ያውቃሉ?»

«ዛሬ ገና መምጣቴ ነው። ዘበኛ መሰልኩሽ እንዴ?»

መርማሪዋ ወደ በሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ የበሩን ውስጠኛ መቀርቀሪያ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችውና ጥፍሯን ተመለከተች።

ቀጥላ ሚስትየውን ለብቻዋ አነጋገረች።

«ባሌ ከቀረጻ በፊት በተዋናዩ ቦታ ብቻውን ይተኛል» አለች። «ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ ልማዱ ነው። በረዶውን ያለ ወፍራም ጓንት ነክቼው አላውቅም፤ እንደ እሳት ይልጣል።»

«ከወንድሙ ጋርስ?»

«ሰሞኑን በስልክ ሲጨቃጨቁ ነበር። የፊልሙን መጨረሻ ለወጠው። አውሬው በሽተኛው አይደለም፣ እዚህ አስገብቶ የረሳው ሰው ነው አለ። ከሆስፒታሉ መዝገብ ቤት አንድ ፋይል አግኝቷል፤ ከእናቱ በፊት ለማንም አላሳይም ብሎ ቦርሳው ውስጥ ቆለፈበት።»

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ደግሞ ገና ሳትጠየቅ ተነሣችባት። «እኔንም ልትወነጅዪኝ ነው?»

«የለም ሲስተር። በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ከምሳ በኋላ ስስበው እንዲሁ ተከፈተ። እኚያ ባለክራባት ግን ምሳ መሀል ላይ እጄን ልታጠብ ብለው በዚህ በኩል አለፉ። መታጠቢያው በወዲያ ነው፤ ቢነግሯቸውም አይሰሙም!»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የወንድማማቾቹ እናት ምራታቸውን ሳያዩ በብረት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሟቹ ተዘግቶበት ነው የሞተው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጭጋጉ ሲያፍነው ይወጣ ነበር። ግን ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የተዘጋው? በመጀመሪያው ፊልም በሩ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር፤ የውስጡም መቀርቀሪያ ብረት። እዚህ ግን ሲስተር ከለከለች።»

«አዎ! በሽተኛ ክፍል ውስጥ ከውስጥ የሚዘጋ ነገር አይገባም!»

«ስለዚህ ከካርቶን ተቆርጦ፣ ብረት መስሎ ተቀብቶ፣ በማስቲሽ ተለጠፈ። አይንቀሳቀስም። ቋ አይልም። ይህን እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ዛሬ ከመጣው ሰው በስተቀር።»

ፕሮዲዩሰሩ ሳቀ። «በጆሮዬ ልትከሺኝ ነው?»

«በእጅዎም። ጭጋጉን ልሞክርልህ ብለው በረዶውን ገለበጡ፣ በእውነተኛው የውጭ መቀርቀሪያ ቀረቀሩበት፣ ምሳ መሀል ተመልሰው ከፈቱ። በጥድፊያ ጓንት አላጠለቁም። እስቲ ግራ እጅዎን ያውጡት።»

እጁ አልወጣም። እናቱ ተነሡና ክንዱን ይዘው ሳቡት። አራቱ ጣቶቹ ውኃ ቋጥረው ነጭ ሆነዋል።

«ለምን?» አሉ እናቱ።

መርማሪዋ ከሟቹ ቦርሳ ያወጣችውን ፋይል ዘረጋች። «ባለቤትዎ እንደተነገረዎት ውጭ አገር ሄደው አልቀሩም፣ እናቴ። በዘጠነኛው ክፍል ስድስት ዓመት ኖረው እዚሁ ሞቱ። እርስዎ ሟቹን ወልደው አራስ ቤት ሳሉ ያስገባቸው፣ ዘመድ የላቸውም ብሎ የፈረመው ይህ ልጅዎ ነው።»

«መንገድ ላይ ልብሱን የሚጥል አባት ነበረኝ!» ጮኸ ፕሮዲዩሰሩ። «ቤታችንን ሰው አደረግኩት! እሱ ደግሞ በአደባባይ ሊያሳየው!»

 እናትየው ፋይሉን አጥፈው ለምራታቸው ሰጡ።

«ስሙኝ፤ ለዘመድ የምናገረውም ይህንኑ ነው» አሉ። «ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ፊልሙ ልጄ በጻፈው መጨረሻ ያልቃል።» ከዚያ ካቴና ወደገባለት ልጃቸው ዞሩ። «ለዚህ ደግሞ በየሳምንቱ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ይቅር ብዬው አይደለም። ከዚህ ቤተሰብ ሁለተኛ ሰው ተዘግቶበት አይረሳም።»